ዳገቱ ላይ ማን ወረደ?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ነፋሱን ያዝ» የሚል ነበር።

ደብረ ማርቆስ የገባሁት በዋዜማው ነው። ከአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያገኘሁት የምስክር ወረቀት ገና ጠርዙ አልታጠፈም። የአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ኃላፊ አቶ ሰሎሞን ወረቀቱን ሳያዩት ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ከሥሩ ተሽከርካሪ እግር ያለው ትልቅ ቬንቲሌተር አሳዩኝ። ሲነሳ ወደ ኋላ ይሸሻል። የኔ ሥራ እንዳይሸሽ በትከሻዬ መደገፍ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ነፋስ ለመደገፍ መሆኑን ስረዳ ትንሽ ከፋኝ።

ነፋሱ የሚነፍሰው አንድ አውቶቡስ ፊት ላይ ነበር። አውቶቡሱ ቆሞ ይሮጥ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ሲሚንቶው ውስጥ በተቀበሩ፣ ግንድ በሚያህሉ የብረት ሲሊንደሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሻንሲው በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ታስሯል፤ የፊት ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎባቸዋል። ማርሽ ሲገባ ጎማዎቹ ሲሊንደሮቹን ያሽከረክራሉ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። እኛ ሲሊንደሮቹን በፍሬን እየያዝን ሰው ሠራሽ ዳገት እንፈጥርለታለን። ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግድግዳው ላይ ያለ መርፌ ይናገራል። ቬንቲሌተሩ ደግሞ መኪናው እየሄደ ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩ የሚያገኘውን ነፋስ ይተካል።

የመሣሪያው የመጽሐፍ ስም ዳይናሞሜትር ነው። የጋራዡ ሰዎች ወፍጮ ይሉታል፤ ሲያሾፉበት ደግሞ «እህል የማይፈጭ ወፍጮ»። አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ ከሲሚንቶው ፈልፍሎ ከማውጣት መተዉ ቀሎት ትቶት የሄደው ነው። ድርጅታችን ቦታውን ሲከራይ ወፍጮውን እንደ ጓሮ ዛፍ አብሮ አገኘው።

ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይረግማሉ። የጃንሆይ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት ነበሩ፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜዬን አውቶቡስ ሥር ተኝቼ ስላሳለፍኩ ለሁለቱም አልደረስኩም። ከታች ሆኖ የታየኝ ዘመን ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ግን የሚሄድ ነበር።

አቶ ሰሎሞን ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። «መርፌ ዘመድ የለውም» ይሉ ነበር። ሹፌሮቹ በበኩላቸው «ሞተርን የሚያውቅ መንገድ ነው» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አላመንኩም፤ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ሁሉም የሚስማማበትን ነገር አለመውደድ ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ጠባይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎድቶኛል። ያን ዓመት ግን ጠቀመኝ።

ጥቂት ወራት ነፋስ ከደገፍኩ በኋላ ሞተር እንድቃኝ ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያዋ ዳማ ነበረች።

ዳማ የባሻ አንዳርጌ አውቶቡስ ናት። ባሻ አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ከወታደርነት ወደ መሪ የመጡ ሰው ነበሩ፤ የአዲስ አበባውን መስመር ይነዳሉ። አውቶቡሷ ቀይ ቡናማ ስለሆነች በበቅሎ ስም ዳማ አሏት፤ የማርቆስ ሰውም ስሟን ተቀብሎ ጠራት። ሌሎች ሹፌሮች ጠዋት ጎማ በእርግጫ ይሞክራሉ። ባሻ ኮፈኗን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል።

«ዓባይን ሲሚንቶ ላይ የምታወጣው አንተ ነህ?» አሉኝ፣ ዳማን ወፍጮው ላይ ሳስር።

«አዎ ባሻ።»

«መልካም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጥራኝ፤ ፊቴን ልታጠብ።»

ሥራዬን በሚገባ ሠራሁ። ካንዴላዎቹን አጸዳሁ፤ ክፍተታቸውን አስተካከልኩ። ካርቡራቶሩን ፈትቼ ጂግለሩን አየሁ። ጂግለር ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ማርቆስ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ለስስ አየር ብዙ ቤንዚን ከሰጡት ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ጂግለር አስገባሁ። የካንዴላውን እሳትም ጥቂት አስቀደምኩት። መርፌው ወጣ፣ ወጣና ማንም አውቶቡስ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ላይ ቆመ። አቶ ሰሎሞን መርፌው የቆመበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያ በኋላ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሽልማት ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ያቺን ጠመኔ የሚያህል አላየሁም።

ባሻ በሳምንቱ ተመለሱ። ከመሪው ሳይወርዱ በመስኮት ጠሩኝ።

«ባለ ወፍጮ! ዳማ ፈላች።»

«የት?»

«እዚያው ናታ! ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ። ጎሐ ጽዮንን ጠዋት እንደ ፍየል ወጣችልኝ። ስመለስ ደጀን ላይ እንደ ሽሮ ተንተከተከች። ወፍጮህ ላይ አንበሳ ነበረች አሉ፤ እኔ የማየው ድመቷን ነው።»

አቶ ሰሎሞን ዳማን እንደገና ወፍጮው ላይ አስወጧት። መርፌው ጠመኔው ላይ ሄዶ ቆመ። የሙቀቱ መርፌም ንቅንቅ አላለም። «ሞተሩ ደህና ነው» አሉ። ባሻ ኮፈኗን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ በሹፌርና በመካኒክ መካከል የተለመደ ጭቅጭቅ ይሆን ነበር። ነገር ግን የድርጅቱ ዲሬክተር ዓባይ ላይ እየፈላ የሚቆም አውቶቡስ ሁሉ ከአዲስ አበባው መስመር እንዲወጣ ወስነዋል፤ ከፋሲካ በኋላም መጥተው ራሳቸው ተሳፍረው ሊያዩ ነው። ከመስመሩ የወጣ አውቶቡስ በበጋ ብቻ በሚያስኬደው የመርጡለ ማርያም መንገድ ይመላለሳል። ሹፌሩም አብሮት ይሄዳል። የባሻ ባለቤት ወይዘሮ ዘውዴ ደግሞ ሳንባቸውን ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኙ ቆይተዋል። ባሻ የሚጠይቋቸው መስመሩ አዲስ አበባ ስለሚያደርሳቸው ነው።

«መርጡለ ማርያም ቅዱስ አገር ነው» አሉኝ ባሻ፤ «እኔም ብሳለም አልጠላም። ዘውዴን ግን ማን ይጠይቅልኛል?»

ከዚያ በኋላ ዳማ የኔ ጉዳይ ሆነች። አቶ ሰሎሞንን አስፈቅጄ አብሬ ተሳፈርኩ።

ጠዋት በሉማሜና በደጀን አልፈን ዓባይ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ጎሐ ጽዮንን ስንወጣ ዳማ አንዴም አላስቸገረችም። አዲስ አበባ ስንገባ ባሻ ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱ። ወይዘሮ ዘውዴ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሉማሜ ያስገዙትን ማር ተቀብለው ራስጌያቸው ካስቀመጡ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዳማ ነው።

«ዳማስ እንዴት ሰነበተች?»

«ደጀን ላይ ትተነፍሳለች።»

«እንግዲህ እኔና እሷ አንድ ነና! ሜዳውንማ ማን ብሎን፤ ዳገት ላይ ነው የሚብስብን።» ወደ እኔ ዞረው ጨመሩ፦ «አንተ ነህ የምታክማት? እሷን ካዳንክ ለሐኪሙ ንገርልኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ተነስተን ወደ ጎጃም ተመለስን። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ቁልቁለቱን ወርደን ድልድዩ ጋ ስንቆም ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ምናለ የሚባለው የባሻ ረዳት የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ ተሳፋሪው ፊቱን ታጠበ። ከዚያ ደጀንን መውጣት ጀመርን።

እኔ ከባሻ ጎን ተቀምጬ ጆሮዬን የሞተሩ ክዳን ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን የሙቀቱ መርፌ ላይ ተክዬ ነበር። ሌላ ነገር አላየሁም፤ አልሰማሁምም። ሁለተኛ ማርሽ። አንደኛ ማርሽ። ሰው በእግሩ ቢሄድ የማይቀደምበት ፍጥነት። መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ፣ አመነታና እዚያው ቆመ። አላለፈም። ሞተሩ አላንኳኳም። ዳገቱ ሲያልቅ ባሻ መኪናዋን ጥግ አስይዘው አቆሙ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«አልፈላችም ባሻ! ደህና ናት ማለት ነው!» ብዬ ወደ ተሳፋሪው ዞርኩ።

አውቶቡሱ ባዶ ነበር።

አንዲት ዶሮ ብቻ፣ እግሯ ታስሮ፣ ወንበር ሥር ተቀምጣ ታየኛለች።

ወጥቼ መንገዱን ቁልቁል ተመለከትኩ። ከጠመዝማዛው ሥር ሰዎች እየተንጠባጠቡ ብቅ አሉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው፣ ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ላባቸው እየወረደ። ከሁሉም ፊት ሉማሜ ሻይ ቤት ያላቸው እትየ የሻረግ ነበሩ። ከሩቅ ሲያዩኝ እልል አሉ።

«አለፈች? አለፈች አይደል?»

«ለምን ወረዳችሁ?» አልኩ። ድምፄ የሰው አይመስልም።

«እንዴ! ፈተና ላይ ናት አሉን እኮ!»

ምናለ አንገቱን ደፋ። ድልድዩ ጋ ሰው ፊቱን ሲታጠብ «ዛሬ ዳማ ፈተና ላይ ናት፤ ካልወጣች ባሻን መርጡለ ማርያም ይልኳቸዋል» ብሎ የነገራቸው እሱ ነው። ሌላ ያለው ነገር የለም፤ ውረዱም አላላቸውም። በዚያ አገር ግን ዳገት ላይ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ የሚወጣ ሰው እናቱ አላሳደገችውም ይባላል። በቅሎ ሲደክማት ይወረድላታል፤ አፏ ተይዞ እየተባበለች ትወጣለች። ተሳፋሪው ዳማ ማጉረምረም ሳትጀምር፣ መኪናው በሚሄድበት፣ በኋላ በር አንድ በአንድ ተንጠባጥቦ ወርዶላት ነበር።

«ባሻ፣ አላዩአቸውም?»

«በመስታወት አየኋቸው እንጂ! ሁልጊዜ ስትፈላ ይወርዱልኛል። ዛሬ ቀደም አሉ። እኔ አንተም የምታውቅ መስሎኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቃ አልፋለች በላ። መርፌህን አይተሃል።»

መርፌዬን አይቻለሁ። መርፌው የነገረኝ ባዶ አውቶቡስ ደጀንን እንደሚወጣ ነው። ዲሬክተሩ በሚመጡበት ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ዓይናቸው እያየ ሊወርድ ነው። ይህንን ለባሻ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን አልተከራከሩኝም።

ደግ ሰዎቹን መቆጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ጠየቅኳቸው። ከኋላ እየተራመዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳማን ሲያዩ የቆዩ እነሱ ናቸው። «ምን አያችሁ?» አልኩ። እያንዳንዱ የየራሱን አየሁ አለ፤ አንዱ «ጎማዋ ይወላገዳል»፣ ሌላው «ጣራዋ ላይ ያለው ጆንያዬ ሊወድቅ ነበር» አለ። ለሙግት አዲስ አበባ ደርሰው ወደ ዲማ የሚመለሱ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ ሽማግሌ ግን በትራቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦

«እኔስ አንድ ነገር ገረመኝ። ጭሷ ከኋላዋ አይቀርም። ቀድሟት ይወጣል። ከኋላዋ የምንሄድ እኛ ምንም አልሸተተን። እናንተ የራሳችሁን ጭስ ስትከተሉ ነበር።»

ለምን እንደጠቀመኝ ገብቷቸው የተናገሩት አይደለም፤ እኔም ወዲያው አልገባኝም። ስንመለስ ነገሩን ለአቶ ሰሎሞን እንዳለ፣ ከዶሮዋ ጋር፣ ነገርኳቸው። ዶሮዋ ጋ ስደርስ ሳቁ። የመሪጌታ ጭስ ጋ ስደርስ መሳቃቸውን አቆሙ።

«ነፋስ» አሉ። «ከሰዓት በኋላ በረሃው ሲግል ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ይነፍሳል። አውቶቡሱም ወደ ላይ ይሄዳል፤ በዚያው ፍጥነት ወይም ባነሰ። ራዲያተሩ ፊት ምን ነፋስ ይኖራል?»

«ምንም።»

«እኛስ እዚህ ምን አደረግንለት?»

ሁለታችንም ትልቁን ቬንቲሌተር አየን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትከሻዬ ደግፌ የያዝኩት እሱ ነው፤ ዓባይ ለዳማ የማይሰጣትን ነፋስ እኛ በነፃ ስንሰጣት ከርመናል።

አቶ ሰሎሞን ኮታቸውን አወለቁ። «ነፋሱን አጥፋ» አሉኝ። «በሮቹንም ዝጋ። ዓባይ እንውረድ።»

ዳማ ወፍጮው ላይ ተቀመጠች። ሲሊንደሮቹን በፍሬን አጥብቀን ያዝናቸው። አንደኛ ማርሽ። ጋራዡ ሞቀ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የጉልበቱ መርፌ ጠመኔው ላይ እንደ ኮራ ቆሟል፤ የሙቀቱ መርፌ ግን ወዲያው መሄድ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ጠጠር የሞላ ጣሳ የሚነቀነቅ ይመስላል። ከዚያ ራዲያተሩ ተነፈሰ። ዝገት ያቀላው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሲፈስ ባሻ በሩ ሥር ቆመው ነበር።

«አዎ!» አሉ፤ የታመመ ሰው በሽታው ሲታወቅለት እንደሚደሰት። «ይኸው ድምፅ ነው! ይኸው ነው፣ ማርቆስን!»

የቀረው ሥራ ነው። ከላይ ያለው ስስ አየር የሚበቃው ቤንዚን ታች ድልድዩ ጋ ላለው ወፍራምና ትኩስ አየር አይበቃውም፤ እኔ ያጠበብኳት ጂግለር እዚያ ሞተሩን ታስርባለች፤ የተራበ ሞተር ደግሞ ይግላል። ሰፋ ያለችውን መለስኩ። ያስቀደምኩትን የካንዴላ እሳት አዘገየሁት። ቆርቆሮ ሠሪ ጠርተን ከአሮጌ የዘይት በርሜል ቀለበት የመሰለ ከለላ አስቆረጥን፤ የሞተሩ የራሱ ቬንቲሌተር የሚስበው አየር በጎን ሳያመልጥ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ እሱን አሰርን። በሮቹን ዘግተን፣ ነፋሱን አጥፍተን እንደገና ሞከርን። እንደገናም። ዳማ ቀዩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች፤ አልፈላችም።

የጉልበቱ መርፌ ግን ጠመኔው ጋ አልደረሰም፤ ከሥሩ ቆመ። ምልክቱን ለማጥፋት ጨርቅ ሳነሳ አቶ ሰሎሞን እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ደህና ጌጥ ነው።»

ዲሬክተሩ የመጡት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ወደ ማርቆስ ለመምጣት ከአዲስ አበባ በዳማ ተሳፈሩ። ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ትሁት፣ እንቅልፋም ሰው ነበሩ። አቶ ሰሎሞንና እኔ ከኋላቸው ተቀመጥን። እትየ የሻረግ ዕቃ ሊሸምቱ አዲስ አበባ ነበሩና ተሳፍረዋል። መሪጌታ ጥበቡም አሉ፤ ሙግታቸው እንደማንኛውም የርስት ሙግት ወደ ሌላ ቀጠሮ ተላልፎ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዲሬክተሩ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወረዱ። ባሻ ተሳፋሪውን ከመኪናዋ ጀርባ ሰበሰቡ።

«ስሙኝ ወገኖቼ። ዛሬ ማንም እንዳይወርድ።»

«ኧረ ባሻ!» አሉ እትየ የሻረግ፤ «ምን ክፉ ሠራንብዎ?»

«ክፉ አልሠራችሁም። ከወረዳችሁ ግን ሰውዬው ያያል። ዳማ ናት መውጣት ያለባት፤ እናንተ አይደላችሁም።»

«እኔ ጎጃሜ ነኝ» አለ አንድ ጎልማሳ፤ «ከብት ሲደክም ላዩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«አልደከመችም እኮ! ድናለች!»

መሪጌታ ጥበቡ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እንግዲህ ባሻ የሚለምነን በሸክም እንድንረዳው ነው። እንዲህ ያለ ጽድቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ጽድቅ ከሆነ እንቀመጥ።»

ተቀመጡ። ዳማ ደጀንን ያዘች። ሞተሩን ትቼ ይህን ጊዜ ሰዎቹን አየሁ፤ አንዴ ተምሬአለሁ። ማንም አልወረደም። ነገር ግን ልባቸው አልተቀመጠም። እትየ የሻረግ የፊታቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨምድደው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለዋል። ጎልማሳው ጎጃሜ እግሮቹን ከወለሉ አንስቶ አየር ላይ ይዟል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አብዛኛው ሰው ትንፋሹን ውጧል።

ዲሬክተሩ ወደ ኋላ ዞር አሉ። «ምን ሆነው ነው?»

«ዳገት ይፈራሉ» አሉ አቶ ሰሎሞን።

የመጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጭሳችን በመስኮቱ አልፎን ወደ ላይ ወጣ። መርፌው ቀዩን ነካ። የባሻ አንገት ላይ ላቡ እንደ ክር ይወርዳል፤ ሆኖም ነዳጁን አልቀነሱም፤ አልጨመሩም። የምሰማው ያን የጠጠር ጣሳ ድምፅ ነበር። አልመጣም። የሚሰማው የሞተሩ የረጋ ጩኸትና አንዲት ሴት «ወይኔ ዳማዬ፣ ወይኔ ዳማዬ» የምትለው ብቻ ነው።

ደጀን ስንደርስ ተሳፋሪው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ዲሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ይህች መኪና ምን ችግር ነበረባት?»

«ነፋስ» አሉ አቶ ሰሎሞን።

«ታዲያ አሁን?»

«አሁን አልፈለገችውም።»

ዲሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳማ በመስመሩ ላይ ቀረች። ባሻም እንደዚሁ።

ይህን ታሪክ ለሙያ ጓደኞቼ ሳወራ አንዳንዶቹ «አየህ፣ መንገድ ነው የሚያውቀው» ይሉኛል። መንገዱ እኮ ዋሽቶኛል። ደጋግ ሰዎች ተባብረው አሳስተውት፣ የማይወጣ አውቶቡስ ይወጣል ብሎኛል። ሌሎቹ ደግሞ «ማሽኑ ነው እውነቱን ያወጣው» ይላሉ። ማሽኑም ራሳችን በደገፍነው ነፋስ ወራት ሙሉ አንበሳ እያለ ሲሸነግለን ነበር። ፈላስፎች ስለ እውነት ሲጨቃጨቁ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ቬንቲሌተር ደግፎ የቆመ ግን አንድም አላገኘሁባቸውም። ያን ወር አንድ ነገር የወጣልን ወፍጮውን ስለ ዓባይ፣ ዓባይን ስለ ወፍጮው ስለጠየቅን ነው፤ አቶ ሰሎሞንም ለሰማሁት ወሬ ጆሮ የሚሰጡ አለቃ ስለነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ አለቆች አይቻለሁ። እሳቸውን ማመስገን እየቆየ የሚጨምር ዕዳ ነው።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ወይዘሮ ዘውዴ ተሻላቸውና ከሆስፒታል ወጡ። በአጋጣሚ እኔም ዕቃ ልቀበል አዲስ አበባ ስለነበርኩ አብሬያቸው ተመለስኩ። ባሻ ሚስታቸውን የፊተኛው ወንበር ላይ ትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። ድልድዩን ተሻግረን ደጀንን ስንጀምር መንገዱ ጎርባጣ ነው፤ አውቶቡሱ በተናጠ ቁጥር ወይዘሮ ዘውዴ ደረታቸውን ይይዛሉ። የሙቀቱ መርፌ ከቀዩ ብዙ ርቆ ቆሟል። ሞተሩ ምንም አልፈለገም ነበር።

ከኋላ የበሩን መከፈት ሰማሁ። አንድ ሰው ወረደ። ሌላ ተከተለ። ሰዎቹ እየተንጠባጠቡ ወርደው ከመኪናዋ ጎን ጎን መራመድ ያዙ፤ ከፊት ያሉት ትላልቁን ድንጋይ እያነሱ ወደ ገደሉ ይጥላሉ። ባሻ በመስታወት አዩአቸው፤ ማርሹን ቀነሱና በእነሱ እርምጃ መንዳት ጀመሩ።

«ዳማ ታማለች እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዘውዴ።

«ደህና ናት» አሉ ባሻ።

የዳማን ሞተር ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲወረድላት እንደማያስፈልጋት በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። ተነስቼ ወረድኩ።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህንኑ ነው። ሞተር ስትፈትሹ፣ ወፍጮ ላይም ሆነ መንገድ ላይ፣ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ነፋሱን ማን እንደያዘና ዳገቱ ላይ ማን እንደወረደ ጠይቁ። የኔንም የሥራ ዘመን የሚመዝን ካለ እንደዚያው ይጠይቅ፤ ብዙ ሰው ወርዶልኛል።